ሴንት ሞናንስ፦ በፋይፍ የባሕር ዳር መንገድ ወደ ድሮው ጨው መቀቀያ ፍርስራሽ በእግር

ሰንበሌጥ

ሰላም ለሁላችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ በፋይፍ የባሕር ዳር መንገድ፣ ከኤሊ እስከ ፒተንዊም ባለው ክፍል ላይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጨው መቀቀያ ፍርስራሽ አለ። ስለ መንገዱ ብዙ ተጽፏል። ስለ ፍርስራሹ ግን የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የነፋስ ወፍጮው ያምራል፤ ከዚያ በቀር ሣር ነው»። መንገዱንም ታሪኩንም የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ከየትኛው ጫፍ ቢጀመር ይሻላል? የባሕሩ ሙላት የት ላይ ያስቸግራል? ሣር ብቻ ከሚመስለው ቦታስ በትክክል ምን ምን ይታያል?

ካርታ ያዥ

ከኤሊ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ መሄድ ይሻላል። እዚያ አገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ስለሆነ ከጀርባ ይመጣል። በዚያ ላይ ፍርስራሹ ላይ የሚደረሰው ሰውነት ከሞቀ በኋላ ነው።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። ከኤሊ ወደብ በ1908 (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን የኤሊ ነስ መብራት ቤት አልፎ የሌዲ ታወር ፍርስራሽ ይገኛል። ከዚያ በእርሻና በባሕር መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ ይዞ የአርድሮስን፣ ቀጥሎም የኒውዋርክን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ማለፍ ነው። ከኒውዋርክ በኋላ የሴንት ሞናንስ ቤተ ክርስቲያን ውሃው አፍ ላይ ተቀምጦ ይታያል። እስከዚህ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ነው። መንደሩንና ወደቡን አቋርጦ በምሥራቅ በኩል ሲወጣ የባሕር መዋኛው ገንዳ፣ ከዚያም የነፋስ ወፍጮው ይመጣል፤ ከወደቡ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከወፍጮው ፒተንዊም ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ጠቅላላው ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለእግሩ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ለፍርስራሹ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለብቻው ያዙ። ብዙ ሰው ይህችን ሰዓት ሳይዝ ስለሚሄድ ነው «ሣር ነው» ብሎ የሚመለሰው።

ካርታው የኦርድናንስ ሰርቬይ ኤክስፕሎረር 371 ነው፤ በ1፡25,000 መጠን። መንገዱ ምልክት ስላለው ለመጥፋት አያሰጋም። ካርታው የሚጠቅመው ሙላት መንገዱን ሲዘጋ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ተለዋጭ መንገድ ለማየት ነው።

ምሥራቅ ነፋስ

ካርታ ያዥ በመጨረሻ የነካትን ነገር ላብራራት፤ የዚህ ጉዞ ዋና ጉዳይ እሷ ናትና።

ከኒውዋርክ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቀርቡ መንገዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ግንቡን ይመታል፤ ድንጋዩም በባሕር አረም ስለተሸፈነ ያንሸራትታል። ለዚህ ሰዓት የሚሆን ተለዋጭ መንገድ በምልክት ተለይቷል። ከላይ ቆሞ ማዕበሉ ግንቡን ሲነካ ያየ ሰው አይውረድ፤ «ፈጠን ብዬ አልፋለሁ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

በዚያ የፎርዝ ባሕር ወሽመጥ የሙላትና የጉድለቱ ልዩነት በትልቁ ሙላት ጊዜ ወደ 5 ሜትር ይደርሳል። ትልቁ ሙላት የሚመጣው ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ወይም አዲስ ከተወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ባሕሩ ደግሞ በእኩል ፍጥነት አይሞላም። ከጉድለቱ ወለል እስከ ሙላቱ ጫፍ ያለውን ስድስት ሰዓት ብንከፍለው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ከልዩነቱ 12 እጅ አንዱን፣ በሁለተኛው ሁለቱን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስቱን፣ ከዚያ ሁለቱን፣ በመጨረሻው አንዱን ይሞላል። ልዩነቱ 5 ሜትር በሆነበት ቀን ሦስተኛው ሰዓት ላይ በደቂቃ 2 ሴንቲ ሜትር ይነሳል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት «ምንም አልጨመረም» ብለው የተዝናኑ ሰዎች በሦስተኛው የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት የሰዓት ስሕተቶችን ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ ብዙ የሙላት ሰንጠረዦች የሚታተሙት በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ በበጋ ወራት አንድ ሰዓት መደመር አለበት። ሁለተኛው የእኛ ነው፦ 9:00 የሚለውን አይቶ በአማርኛ «ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ለጓደኛ መንገር። የቡድን ጉዞ ከሆነ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ተነጋገሩ።

በፎርዝ ወሽመጥ አንድ ምቹ ነገር አለ። ትልቁ ሙላት በሚሆንባቸው ቀናት ውሃው ጫፍ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ 15:00 ገደማ በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ጉድለት ጠዋት 9:00 አካባቢ ይውላል። ዓለቱን እስከ ታች ገልጦ ለማየት የሚሻለው ጠዋት እንግዲህ የታወቀ ነው።

አሞሌ

ወደ ፍርስራሹ ልግባ። ሣር ብቻ የሚታየው ከወፍጮው ሲጀመር ነው። ከባሕሩ ጀምሩ። ይህ ቦታ የተሠራው በውሃ መንገድ ስለሆነ የውሃውን መንገድ ተከትላችሁ ወደ ላይ ካልወጣችሁ ትርጉም አይሰጥም። በሙላት የደረሰ ሰው የቦታውን ግማሽ ውሃ ሥር ትቶት ነው የሚያልፈው።

ባሕሩ ሲጎድል ከወፍጮው ፊት ለፊት ወዳለው ዓለት ውረዱና ዓለቱ ውስጥ የተፈለፈለውን ቦይ ፈልጉ። የተፈጥሮ ስንጥቅ የድንጋዩን ንብርብር ተከትሎ ይጠማዘዛል፤ ይህ ግን ንብርብሩን አቋርጦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጠርዙም የሰው መሣሪያ የነካው ነው። ሙላቱ ያመጣው ውሃ በዚህ ቦይ ተጠልፎ ይገባል። የነፋስ ወፍጮው እህል አልፈጨም፤ ሥራው ይህን ውሃ መሳብ ነበር። ከፍ ብሎ የተሠራውም ነፋስ እንዲያገኝ ነው። ከወፍጮው በታች፣ ባሕሩ ጥንት ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን ያስተካከለው ጠፍጣፋ እርከን ላይ ደግሞ ዘጠኝ የመቀቀያ ቤቶች ተደርድረው ነበር። ሣር የለበሱት ጉብታዎች እነሱ ናቸው።

ሥራው የተጀመረው በ1770ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሰር ጆን አንስትሩተር ነው፤ ድርጅቱ የኒውዋርክ የድንጋይ ከሰልና የጨው ኩባንያ ይባል ነበር። ስሙ ራሱ ከሰልንና ጨውን ያጣመረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨው ከባሕር ቢወጣም የሚሠራው ከሰሉ ነው።

ሰንበሌጥ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለምን እሳት? በብዙ አገር ፀሐይ በነጻ የምታደርቀው አይደለም? ደግሞስ ከአንድ ምጣድ ምን ያህል ጨው ይወጣል?

አሞሌ

አፋር ላይ ፀሐይ የምትሠራውን እዚያ ፀሐይ አትችለውም። ዝናቡና ቅዝቃዜው ፀሐይ ከምታተነው በላይ ይመልሳል። ስለዚህ እሳት ግድ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ቶን የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 34 ኪሎ የሟሟ ነገር ቢኖርም የገበታ ጨው የሚባለው 27 ኪሎ ያህሉ ነው። በዚያ ዘመን በስኮትላንድ የተለመደው ምጣድ የብረት ዝርግ በብረት ችንካር ተያይዞ የሚሠራ፣ 5.5 ሜትር በ2.7 ሜትር ስፋትና 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ነው። ሲሞላ ከ6.5 ቶን በላይ ውሃ ይይዛል፤ ከዚያ የሚገኘው 180 ኪሎ ገደማ ጨው ነው። ለዚህ ነው አንዴ ሞልተው የማይተዉት። ውሃው ሲቀንስ እየጨመሩ ደጋግመው ያጠናክሩታል።

ነዳጁ ደግሞ እንዲህ ነው። ለአንድ ቶን ጨው 37 ቶን ያህል ውሃ መትነን አለበት። ሙቀቱ አንድም ሳይባክን ቢሠራ ወደ 4 ቶን ጥሩ ከሰል ይበቃው ነበር። ክፍት ምጣድ ሥር የሚነድ እሳት ግን ከግማሽ በላይ ሙቀቱን ለጭስና ለአየር ይሰጣል፤ ስለዚህ 8 ቶንና ከዚያ በላይ ማሰብ ነው። በዚያ ላይ የሚነደው ገበያ የማይፈልገው ደቃቅና ዝቅተኛ ከሰል ነበር፤ ያን የሚገዛ ስለማይገኝ ከማዕድኑ አጠገብ ምጣድ መትከል አዋጭ ሆነ። ፍርስራሹ እዚያ ቦታ ላይ የተገኘበት ምክንያት ይኸው ነው።

አቀቃቀሉ ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውሃው ለብ ሲል የእንቁላል ነጭ ወይም የበሬ ደም ይጨመራል። ሲሞቅ ይረጋና አሸዋውንና እድፉን ይዞ እንደ አረፋ ይንሳፈፋል፤ ያን ገፍፎ መጣል ነው። ውሃው ወደ አምስተኛ እጁ ሲወርድ ጂፕሰም የሚባለው ነጭ ማዕድን ይረጋል፤ ወደ አሥረኛ እጁ ሲደርስ ጨው መጣል ይጀምራል። እዚህ ላይ እሳቱ መቀነስ አለበት። በኃይል ከፈላ ጨው ደቃቅ ይሆናል፤ ቀስ ካለ ፍሬው ይተልቃል። በሰንበት ሥራ ስለማይፈቀድ እሳቱ ቅዳሜ ተዳፍኖ በራሱ እየበረደ ያድር ነበር፤ ከዚያ የሚገኘው ትልልቅ ፍሬ «የእሑድ ጨው» ተብሎ ይለያል።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው መራራ ውሃ ማግኒዚየም የሞላበት ነው። ጨርሶ እስኪደርቅ ከተቀቀለ ማግኒዚየሙ ከጨው ጋር ይቀላቀላል፤ ጨው ይመርራል፤ እርጥበት እየሳበም ይቀልጣል። ስለዚህ ጨውን በመቆስቆሻ ወደ ምጣዱ ጠርዝ ስቦ፣ በቅርጫት አድርጎ ማንጠፍጠፍ ግድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ወለሉ ላይ የሚጋገረው የጂፕሰም ቅርፊት ነው። ሙቀት አያስተላልፍምና ብረቱ ከሥር እየጋለ ይጣመማል፤ ችንካሮቹ ይላላሉ፤ ምጣዱ እሳቱ ላይ ያንጠባጥባል። በየጊዜው እሳት አጥፍቶ በመዶሻ መፈርፈር ነበረበት።

ድንጋይ ጠራቢ

አሞሌ ያለውን መሬት ላይ ማንበብ ለሚፈልግ፦

እያንዳንዱ ጉብታ ሁለት ክፍል ነበረው። በአንዱ ምጣዱና ምድጃው ነው፤ በሌላው ከሰሉ ይከመራል፣ እሳቱ ይቆሰቆሳል። ከጉብታዎቹ አንዱ በቁፋሮ ተገልጦ ግድግዳው ይታያል፤ መጀመሪያ እሱን አጥኑና ከዚያ ሌሎቹን እዩ። እሱን ያየ ዓይን በሣር የተሸፈኑትንም መለየት ይጀምራል፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ መሐሉ የሚጎደጉደው ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ስለወደቀ ነው።

እሳት የነካው ድንጋይ ይቀላል። የፋይፍ ድንጋይ ብዙው አሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ቢጫ ወይም ግራጫ ሆኖ ሳለ በአንድ ፊቱ ብቻ ጡብ የመሰለ ድንጋይ ካያችሁ ያ ፊት ወደ ምድጃው የዞረ ነበር። ማዕበል በበላው ጠርዝ በኩል ጥቁር አመድና ቀልጦ የረጋ፣ ቀዳዳ የበዛበት የከሰል ዝቃጭ በንብርብር ሲታይ የምድጃው ጥራጊ ነው። ይህ ንብርብር ለዓይን እንጂ ለእጅ አይደለም። አንዲት ድንጋይ ከጠርዙ ሲነቀል ቀጣዩ ማዕበል በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ቦታው በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ሆነ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማንቀሳቀስ ወንጀል ነው። እባካችሁ ጉብታዎቹ ራስ ላይ አትቁሙ፤ በመካከላቸው ያለው ሣር ለመሄጃ ይበቃል።

ወፍጮው ውስጥ ሁልጊዜ መግባት ስለማይቻል ጉዞውን በእሱ ላይ አትመሥርቱ። ከሥሩ ሆኖ ወደ ታች ማየት ግን አይለፋችሁ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ዝቅ ስትል የጉብታዎቹ ጥላ ይረዝምና ቀትር ላይ የማይታየው ቅርጽ ሁሉ ይወጣል።

የድሮ መዝገብ

ሥራው የተዘጋው የጨው ቀረጥ ሲነሳ አይደለም እንዴ? እንግሊዝ ቀረጡን ስታነሳ ርካሹ የቼሻየር ዓለት ጨው ገብቶ የስኮትላንዱን የባሕር ጨው አጠፋው ይባላል።

አሞሌ

ለፎርዝ ዳርቻ በጥቅሉ እውነት ነው፤ ለሴንት ሞናንስ ግን ቅደም ተከተሉ አይገጥምም። ይህ ሥራ ያቆመው በ1823 ነው፤ ቀረጡ ጨርሶ የተነሳው በ1825። የስኮትላንድ ጨው ቀቃዮች ከ1707ቱ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ውሕደት በኋላ ከእንግሊዝ ያነሰ ቀረጥ ይከፍሉ ስለነበር ያ ልዩነት መከታ ሆኗቸዋል፤ 1825 ላይ መከታው ወደቀ። ሁሉም ግን አልጠፉም። በወሽመጡ ማዶ ፕሬስተንፓንስ ላይ እስከ 1959 ጨው ይመረት ነበር። የከተማዋ ስም ራሱ ምጣዶቿን ይዞ ቀርቷል፤ «ፓንስ» ምጣዶች ማለት ነውና።

የድሮ መዝገብ

ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ። እንግዲያው እኔም ፍርስራሹን ስታዩ ይህን አስቡ ልበል። በ1606 የወጣ የስኮትላንድ ሕግ የከሰልና የጨው ሠራተኞችን ያለ ጌታቸው ፈቃድ ሌላ ቦታ እንዳይቀጠሩ አስሮ ነበር። ነጻ መውጣት የጀመሩት በ1775 ሕግ ነው፤ በ1799 ደግሞ ተጠናቀቀ። ማለትም እነዚህ ዘጠኝ ቤቶች ሲቆሙ እሳቱን የሚቆሰቁሰው ሰው በሕግ የታሰረ ነበር፤ ሲዘጉ ነጻ ነበር። ለጎብኚው የተተከለው የማብራሪያ ሰሌዳ ስለ ምጣዱ ሲያስረዳ ስለ ሰዎቹም መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

ሰንበሌጥ

ልጆችና አዛውንት ይዞ መሄድ ይቻላል? አየሩስ?

ካርታ ያዥ

ሙሉውን ሳይሆን ከሴንት ሞናንስ ወደብ እስከ ወፍጮው ያለውን ብቻ ይዘው መመለስ ይችላሉ፤ ደርሶ መልስ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ልጆች ዓለቱ ላይ ሲወርዱ ግን የታችኛው አረንጓዴ ክፍል አይረገጥ። ደረቅና ሻካራ የሆነው፣ ሹል ቅርፊቶች የተለጠፉበት ድንጋይ እግር ይይዛል፤ አረንጓዴና ቡናማ የሆነው ይጥላል። የጫማው ሶል ለስላሳ ጎማና ጥርሱ የጠለቀ ይሁን። ደረቅ ፕላስቲክ ሶል እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ በረዶ ነው።

መጓጓዣን በተመለከተ የሌቨን ባቡር በ2024 እንደገና ተከፍቷል፤ ከዚያ በመንደሮቹ የሚያልፈውን አውቶቡስ መያዝ ነው። መንገዱ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው ስለሚሄድ ለመመለስ መኪና ሁለት ቦታ ማቆም አያስፈልግም፤ ከፒተንዊም ወደ ኤሊ አውቶቡስ ይመልሳችኋል። በ2003ቱ የስኮትላንድ የመሬት ሕግ መሠረት ማንም ኃላፊነት እየተሰማው በእግር መሄድ ይችላል። ይህ ማለት ግን የተዘራ ማሳ ላይ መርገጥ ወይም በጎች መካከል ውሻ መልቀቅ አይደለም።

ምሥራቅ ነፋስ

አየሩን በተመለከተ ከዝናቡ ይልቅ «ሃር» የሚሉትን የባሕር ጉም ፍሩ። በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ሞቅ ያለ አየር ቀዝቃዛው የሰሜን ባሕር ላይ ሲያልፍ ይፈጠርና በምሥራቅ ነፋስ ተገፍቶ ይገባል። ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ፀሐይ እያለ ዳርቻው ላይ ወፍጮው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። በጉም ውስጥ መንገዱን መከተል ይቻላል፤ ዓለቱ ላይ መውረድ ግን አይቻልም፤ ውሃው ከየት እንደሚዞር አይታይምና። የምሥራቅ ነፋስ ሲጠነክር ደግሞ ባሕሩ ሰንጠረዡ ካለው በላይ ይነሳል። የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል ሲወርድ ውሃው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላልና ዝቅተኛ ግፊትና የምሥራቅ ነፋስ የተገናኙበት ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለውን መንገድ ሳትሞክሩ ተለዋጩን ያዙ። የሴንት ሞናንስ ወደብ ዚግዛግ ግንብ ላይም በዚያን ቀን አይወጣም።

ለማቀድ የሚሆን አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። የጉድለቱ ሰዓት የበጋው ተጨምሮበት 10:15 ነው እንበል፤ በእኛ ረፋድ 4 ሰዓት ከ15። ከኤሊ 8:00 ተነሱ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ 9:20 ገደማ ትደርሳላችሁ፤ ውሃው ገና እየሸሸ ነው። 9:50 ወፍጮው ፊት ለፊት ያለው ዓለት ላይ ናችሁ። በመጀመሪያ ዓለቱን፣ ቦዩን፣ ከዚያ ጉብታዎቹን፣ በመጨረሻ ወፍጮውን እዩ። 11:00 ሲሆን ከዓለቱ ሙሉ በሙሉ ወጥታችሁ ላይ እርከኑ ላይ ሁኑ። ከዚያ በኋላ ያለው የፒተንዊም መንገድ ላይ ሆኖ ስለሚሄድ በጥድፊያ አያስጨንቅም። ችግር ቢገጥም 999 ደውሎ ኮስትጋርድ ማለት ነው፤ ፖሊስ አይደለም። ያላችሁበትን ሲጠይቁ «ከወፍጮው በታች ያለው ዓለት፣ ከሴንት ሞናንስ በስተ ምሥራቅ» ማለት ይበቃል።

ሰንበሌጥ

ሁላችሁም ተባረኩ። ቦዩን ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልጨምር ካርታ ያዥ፦ ከወፍጮው ቀጥታ ወደ ባሕሩ ነው ወይስ ወደ አንዱ ጎን?

ካርታ ያዥ

ወፍጮውን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደ ባሕሩ ውረዱ፤ ከዚያ ዘወር በሉና የድንጋዩ ንብርብር ወዴት እንደተጋደመ እዩ። የንብርብሩን አቅጣጫ ካወቃችሁ በኋላ የሚያቋርጠውን ብቻ ነው የምትፈልጉት። ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ሁሉ ቦይ አይደለም፤ ሁለቱም ጎኑ እኩል ቁመት ይዞ የሚሄደውን ያዙ።